የተጠረገው ወንዝ

«ጉድ እኮ ነው! ወንዝ ውስጥ ጉቶ ለሚጨምር ሰው መንግሥት ገንዘብ ይሰጣል እያልሽኝ ዝም ብዬ ልስማሽ? ዕድሜዬን ሙሉ ያወጣሁትን ቆሻሻ መልሼ ልክተተው?»

«ቆሻሻ አይደለም እያልኩዎት ነው፣ አጎቴ።»

«ቆሻሻ ካልሆነ ምንድን ነው? ጌጥ ነው?»

ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ በእጃቸው የያዙት የመረብ መርፌ ቆመ። ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ መረብም ይጠግናሉ። የሠፈሩ ሰው ግን ከሥራቸው ይልቅ በአመላቸው «አባ ጽዳት» ይላቸዋል። በየዓመቱ ዝናቡ አባርቶ ውሃው ሲጎድል ወንዝ ይገቡና የወደቀ ግንድ በገመድ ይጎትታሉ፣ ሸንበቆ ያጭዳሉ፣ መረብ የሚቀድ ድንጋይ እየለቀሙ ያወጣሉ። አባታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ከመረብ ቤታቸው በታች ያለው ውሃ እንደ ተወለወለ ወለል ያበራል፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያደንቀዋል። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ ዓሣ የለበትም።

የእህታቸው ልጅ የወንዝና የዓሣ ነገር ተምራ ባለሙያ ሆናለች። በዚያ ጠዋት ግን ለብቻዋ አልገባችም። በሩ ላይ ከአንድ አሸዋ ነጋዴ ጋር ድንገት ተገጣጠሙ፤ ሽማግሌውም እንግዳ አይመለስም ብለው ሁለቱንም አስገቡ። ነጋዴው የመረብ ማንሳፈፊያ ቡሽና ማስጠሚያ እርሳስ በሞላበት ሳጥን ላይ ተቀምጦ ክርክሩን ያዳምጣል። እሱም የሚፈልገው ልጅቷ የመጣችበትን ያንኑ የሽማግሌውን የወንዝ ዳር መሬት ነው፤ ተከራይቶ አሸዋ ሊያወጣበት። መረብ የሚያስጠግን ከጠፋ ሰንብቷል። መሬቱን ለነጋዴው ከሰጡ የማጥመጃ ጀልባቸውን መሸጥ ነው፤ ካልሰጡም መተዳደሪያ የለም። ሽማግሌው መልሴን ዛሬ እሰጣለሁ ብለው ቃል ገብተዋል።

«አባባ፣» አለ ነጋዴው ለስለስ ብሎ፣ «ልጅቷ ያለችው ደግ ነገር ነው። ግን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ዛሬ ድጎማ ይሰጡዎታል፤ ነገ ደግሞ መሬቱ የእኛ ነው ይላሉ። የኔ ኪራይ እጅ በእጅ ነው።»

«መሬቱ የእርስዎ እንደሆነ ይቀራል፣» አለች ልጅቷ ወደ አጎቷ ዞራ። «እንዳላታልልዎት ግን፣ ግዴታ አለበት። የተቀመጠውን ግንድ መልሰው ካወጡ፣ የተተከለውንም ከነቀሉ ገንዘቡን ይመልሳሉ። ባለሙያ እየመጣ ያያል።»

«እኔን ሊጠብቁኝ?»

«እርስዎን አይደለም፤ አመልዎን ነው።»

ነጋዴው ሳቀ። ሽማግሌውም ሊስቁ ዳድቷቸው በሳል ሸፈኑት።

«ደግሞም የእርስዎ ብቻ ጉዳይ አይደለም፣» ብላ ቀጠለች። «ከላይም ከታችም ያሉት ጎረቤቶች ተስማምተዋል። ድጎማው የሚሰጠው ዳርቻው ሳይቆራረጥ ሲለማ ነው። የእርስዎ መሬት መሃል ላይ ከጎደለ ሁሉም ይቀርባቸዋል።»

«እሺ፣ ንገሪኝ። ዓሣ የሚፈልገው ውሃ ነው። ግንድና ሸንበቆ ምን ያደርግለታል?»

«የዶሮ ቤት ጠርገው፣ ጭዱን አውጥተው፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ እንቁላል ጣይ ይሏታል?»

«ዶሮና ዓሣ አንድ ሆኑ?»

«እንቁላል በመጣሉ አንድ ናቸው። ዓሣ እንቁላሉን በጠጠር መሃል፣ በሸንበቆ ሥር ይጥላል። ጫጩቱ ከግንድ ሥር ይሸሸጋል። መሸሸጊያው ከተጠረገ እንቁላሉን ፈሳሹ ይዞት ይሄዳል፤ የተረፈውን ጫጩት ደግሞ ትልልቁ ይለቅመዋል።»

«ተይኝ እባክሽ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማሽም?»

«እኛ እኮ ዘንዶውንም አጣነው፣ አጎቴ።»

ሽማግሌው መርፌውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። የቀራቸውን ትልቁን መከላከያ መዘዙ። «አባቴ ሲጠርጉ ዓሣው ሞልቶ ይፈስ ነበር! እኔ ልጅ ሆኜ በእጄ ይዣለሁ!»

እውነት ነበር፤ ልጅቷም አልካደችም። «አያቴ ብቻቸውን ነበር የሚጠርጉት። ከላይም ከታችም ያለው ዳርቻ አልተነካም፤ ዓሣው ከዚያ እየተራባ ወደዚህ ይመጣ ነበር። በኋላ ግን ሰው ሁሉ የእርስዎን ውሃ እያየ ቀናና ጠራጊ ሆነ። አሁን ከየት ይምጣ?»

 በመልካም ሥራው ሲመሰገን የኖረ ሰው፣ ምስጋናው ራሱ ጥፋቱን እንዳበዛው ሲነገረው ምን ይላል?

«ለመሆኑ መረብዎን አሁን የት ይጥላሉ?» አለች።

ሽማግሌው ነጋዴውን በጎን ገረመሙት። «ዓሣ አጥማጅ እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት ይጠየቃል?»

«እሱ የሚያወጣው አሸዋ ነው፤ ዓሣዎን አይነካም።»

«ከፈረሰው ድልድይ ሥር፣» ብለው አጉተመተሙ።

«ለምን እዚያ?»

«ስላለ ነዋ!»

«ለምን እዚያ ብቻ ኖረ?»

«አንድ የተረገመ ግንድ አለ፤ ከነሥሩ የወደቀ። ከጎረቤት ጋር ሆነን ብንጎትተው፣ ብንጎትተው ንቅንቅ አልል አለ። ወገቤን ያዘኝና ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ዓሣው ሁሉ እዚያ…»

ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ሰው እውነትን ከሌላ አፍ ሲሰማ ይቆጣል፤ ከራሱ አፍ ሲወጣ ግን የሚቆጣው ሰው ያጣል።

«ስለዚህ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሲያበላኝ የከረመው ያቃተኝ ግንድ ነው?»

«ወገብዎ ከእርስዎ ቀድሞ ገብቶታል።»

አሁን ሳቃቸውን መሸፈን አልቻሉም።

ነጋዴው ግን ገበያው ሲፈርስ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። «ዓሣው እስኪመጣ ምን ሊበሉ ነው፣ አባባ? እሱን ይጠይቋት!»

«ደግ ጥያቄ ነው፣» አሉ ሽማግሌው። «መልሺ።»

«መጀመሪያው ዓመት ላይ ዓሣ አመጣለሁ ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ድጎማው ግንድና ችግኝ ብቻ አይገዛም፤ የሠራተኛውንም ደመወዝ ይከፍላል። የሥራው ኃላፊ ከወንዙ ዳር ሰው መሆን አለበት፤ ጎረቤቶችዎም የጠሩት እርስዎን ነው።» ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞረች። «እርስዎስ? አሸዋው ሲያልቅ ምን ያደርጋሉ?»

«ሌላ ወንዝ መች ጠፋ፣» አለ ነጋዴው፣ ትከሻውን ነቅንቆ።

በቅንነት የተናገረው ነው፤ ክፋትም አልነበረበትም። ሽማግሌው ግን ወደ እሱ ዞሩ።

«ለእኔ ጠፍቷል፣» አሉ። «ያለኝ ይኸው አንዱ ነው።»

ተነሥተው ወደ ወንዙ የሚከፈተውን በር ገፉና ወጡ፤ ልጅቷም ተከተለቻቸው። በመንገድ ላይ የምታስረዳው አላጣችም፤ ነገሩን አሁን የሚዘረዝሩት ግን እሳቸው ነበሩ። ሥር ያለው ዛፍ ዳርቻውን ከያዘው አፈሩ በየክረምቱ ተንዶ አይሄድም፤ አፈሩ ካልገባበት ውሃው አይደፈርስም፤ የታችኛው ሠፈር ሴቶችም ጭቃ አይቀዱም። ሸንበቆው ከበቀለ ዳክዬው ይመለሳል፤ ዳክዬው ባለበት ዓሣው አይጠፋም። ይህን ሁሉ ሲሉ አዲስ ነገር የሚነግሩ ሰው አይመስሉም ነበር፤ የረሱትን የሚያስታውሱ እንጂ።

«የመጀመሪያው ግንድ እዚህ ጋ ቢሆንስ?» አለች፣ ወደ ውሃው መሃል እያመለከተች።

«እዚያ? መሃሉ ላይ? የመጀመሪያው ጎርፍ አንሥቶ ለታችኛው ጎረቤት ያስረክብልሻል! ከመታጠፊያው ወዲህ ነው የሚሆነው፣ ሥሩ ወደ ዳር ገብቶ።»

«ሥሩን በድንጋይ ብንጫነውስ?»

«ለድንጋዩስ ማን ድንጋይ ይጫንለታል?»

ነጋዴው ከሳጥኑ ላይ ተነሣ። ቆቡን አደረገ፣ የመንገዱን በር ገርበብ አድርጎ ወጣና መኪናውን አስነሣ።

«አይደለም፣ አይደለም፣» ይሉ ነበር ሽማግሌው፣ ውሃው አፋፍ ላይ ቆመው፤ «ትንሽ ወደ ግራ።»