ቋንቋው ሊሞት ነው ስል

ማራኪ ሰፈር የተከራየሁበት ቤት ባለቤት አያ ፈንታ የጭልጋ ሰው ናቸው። ባለፈው ለጓደኛዬ በስልክ «ሊሞት ነው፣ ተስፋ የለውም» ስል ሰምተው ኖሮ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ሊያጽናኑኝ መጡ። አፈርኩ። «ሰው አይደለም አያ ፈንታ፤ ድረ ገጽ የምሠራበት የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። የሚያውቁት ሰዎች እያለቁ ነው» አልኳቸው።

ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ ቁጭ አሉ። «የእናቴ ቋንቋ ቅማንትኛም እኛ ቤት እንዲሁ ሆነ። አሁን የማወራው ከእህቴ ጋር ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ ልጄ፣ እሑድ እሑድ እደውልላታለሁ።»

እሳቸው ሲወጡ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። አንድ ጀማሪ «ይህን ቋንቋ ብማረው ያዋጣኛል?» ብሎ ከጻፈልኝ ሦስት ቀኑ ነበር።

«እሱን አላውቅም» ብዬ መለስኩለት። «ግን ሲቸግርህ ጠይቀኝ፤ እኔ አለሁ።»