የሰባት ቁጥሩ ሰውዬ ጸጉር ቤት ሲገባ

(መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጸጉር ቤት፣ አስተካካዩ ጋሽ ሽመክት የንግድ ጽሕፈት ቤቱን የመረጃ ሠራተኛ የይርሳውን ግማሽ ጸጉር ቆርጠው ማሽኑን አጥፍተዋል።)

ይርሳው፦ ጋሼ፣ በሞቴ ይጨርሱልኝ! የቀኙ እኮ እንዳለ ነው።

ሽመክት፦ ነገ ተመለስ።

ይርሳው፦ ኧረ ጋሼ! እንዲህ ሆኜ የት እሄዳለሁ?

ሽመክት፦ እኔንስ ሦስት ቀን ስትመልሰኝ የት ይሄዳል ብለህ ነው?

ይርሳው፦ ሲስተም አልነበረማ!

ሽመክት፦ እዚህም ሲስተም የለም።

ይርሳው፦ ማሽኑ እጅዎ ላይ ነው እኮ!

ሽመክት፦ ያንተስ ኮምፒውተር ፊትህ አልነበረም? በል አንድ ጥያቄ ብቻ። ሱቄን ወደ ማዶ ላዛውር ነው። በንግድ ፈቃዴ ላይ አድራሻው ብቻ ይቀየራል ወይስ አዲስ ፈቃድ አወጣለሁ?

ይርሳው፦ እሱ የአራት ቁጥር መስኮት ሥራ ነው።

ሽመክት፦ አራት ቁጥር «አዲስ አውጣ» አለችኝ። ስድስት ቁጥር «አድራሻው ይበቃል» አለኝ። ኃላፊው «ሰባት ቁጥርን ጠይቅ» አሉ። ሰባት ቁጥር ማነው?

ይርሳው፦ እ... እኔ ነኝ።

ሽመክት፦ እንኳን ደህና መጣህ!

ይርሳው፦ ጋሼ፣ መንገደኛው እያየኝ ነው።

ሽመክት፦ ይይህ። ቀልዱን ተወውና ልጄ፣ የዚህ ቤት ኪራይ ዓርብ ያበቃል። ያለ ፈቃድ ማዶ ብከፍት ያሽጉብኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ በሬ ላይ የእሸጋ ወረቀት ሲለጠፍ ልይ? ፈርቻለሁ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ይርሳው፦ እውነቱን ልንገርዎት? ለሰው ግን አያውሩ።

ሽመክት፦ ጸጉር አስተካካይ ነኝ፣ እንዴት ብዬ ነው የማላወራው?

ይርሳው፦ እኔም አላውቅም።

ሽመክት፦ ምኑን?

ይርሳው፦ መልሱን። መመሪያው ተቀየረ ተባለ፤ አዲሱን ግን ያሳየኝ የለም። «መረጃ» የሚል ጽሑፍ ከራሴ በላይ ሰቅለው አስቀመጡኝ።

ሽመክት፦ ታዲያ ባለጉዳዩን ምን እያልክ ትሸኛለህ?

ይርሳው፦ ያው ቀጠሮ እሰጣለሁ። ጉዳዩን የጨረሰ ሳገኝ እንዴት እንደጨረሰ እጠይቀዋለሁ። ባለፈው ያስተማረኝ ልብስ ሰፊው ነው።

ሽመክት፦ አይ የኔ ልጅ! አንተም ተሰልፈሃላ!

ይርሳው፦ ከመስኮቱ በውስጥ በኩል።

ሽመክት፦ ኃላፊውን ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?

ይርሳው፦ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ነው የሚሉኝ። አፍሬም ደጋግሜ አልጠየቅኩም።

ሽመክት፦ በል ቀና በል፣ ልጨርስልህ። አሳዘንከኝ።

ይርሳው፦ ቆይ፣ ማሽኑን አያብሩት! ጨርቁን ብቻ ይፍቱልኝ። እንዲህ ሆኜ የኃላፊው ቢሮ በር ላይ ከቆምኩ፣ ባለጉዳይ አይቶኝ እንዳይስቅባቸው መመሪያውን ራሳቸው አውጥተው ይሰጡኛል።