ቅባቱን ከየቤቱ የለቀሙት ዶክተር እልፍነሽ

ያላ፣ በሉ ወገኖቼ፣ ዝም በሉልኝ! ታሊ፣ የዶክተርን የጡረታ መሸኛ ኬክ ገና አትቁረጪ።

ዶክተር እልፍነሽ፣ ያቭነ ከተማ ወዳለው ቤተ ሙከራችን የመጡ ዕለት፣ ስምዎን እንኳ ሳይነግሩን ምሳዬን ነጠቁኝ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ቱና ነው፣ የቆርቆሮ ዓሣ።"

"ሜርኩሪ እንዳለበት አታውቅም? የፅንስ አንጎል ይጎዳል!"

"እኔ ነፍሰ ጡር አይደለሁም!"

"ሚስትህስ?"

"አላገባሁም።"

"እንግዲያው ከአሁኑ ልመድ!"

ያን ቀን ጦሜን ዋልሁ። ባልደረባችን ካሪን ይኸው እስከ ዛሬ ሳንድዊቿን መኪና ውስጥ ተደብቃ ነው የምትበላው። አትሳቂ ካሪን፣ ሁላችንም እናውቃለን።

ሥራችንን ለማታውቁ እንግዶች፦ አዲስ ለተወለዱ የአይጥ ልጆች አስቀድመን ዚንክ የተባለውን ማዕድን እንሰጣለን፣ ከዚያ ሜርኩሪ፤ አንጎላቸው ይተርፍ እንደሆነ እናያለን። ዚንክ ያገኙት ከሌሎቹ ይልቅ ደህና ሆነው ሲያድጉ ዶክተር ኮሪደሩ ላይ እልል አሉ። ወዲያው ደግሞ ተቆጡን፤ "ምን ያስቃችኋል? እንደገና ይሠራ!"

ከዚያ ገዴራ ከተማ ሄደው ይህንኑ ለነፍሰ ጡሮች አወሩ። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሴቶቹ ሜርኩሪ ያለበት ፊት የሚያቀላ ቅባት ይቀቡ ነበር። "ዚንክ ከተከላከለማ ክኒኑን እየዋጥን እንቀባለን!" ብለው ፋርማሲውን ወረሩት። ይህን ሲሰሙ ፊትዎ ዐመድ መሰለ። "እኔ በአይጥ ያየሁትን ነው የነገርኋቸው፤ በሰው መች አየሁ?" አሉኝ። መኪናዎን አስነሥተው ቅባቱን ሊለቅሙ በየቤቱ ማንኳኳት ጀመሩ።

እህቴ ባትሔን ያኔ እርጉዝ ነበረች። "ማን ነሽ አንቺ፣ መልኬን የምትቆጣጠሪ?" ብላ በሩን ፊትዎ ላይ ዘጋችው። በማግስቱም ሄዱ። "የኔ ልጅ፣ ዚንኩ ልጅሽን ያድነው እንደሆነ አላውቅም። ቅባቱ መርዝ መሆኑን ግን አውቃለሁ" አሏት። አልቅሳ የቅባቱን ዕቃ ከነክዳኑ ሰጠችዎ።

ልጇ ኤሊዮር ያውና፣ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ የጫማችሁን ማሰሪያ እየፈታ ነው። እርስዎ አንድም ቀን "እኔ ነኝ ያዳንሁት" ብለው አያውቁም። እኔ ግን አጎቱ ነኝና ከልቤ አመሰግንዎታለሁ።

ቅባቱ ቂርያት መላኪ ከተማ ውስጥ ዛሬም በድብቅ ይሸጣል። "እኔ ከወጣሁ ማን ይከታተለዋል?" እያሉ እንቅልፍ እንዳጡ ባለቤትዎ ነግረውኛል። ይስሙኝ እንግዲህ፦ እሑድ ጠዋት እኔና ካሪን እንሄዳለን። በር ቢዘጋብን ሰኞ እንመለሳለን። የዚንኩም ምርምር አይቆምም።

ብርጭቋችሁን አንሡ! ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ፤ የልጅ ልጅዎን ይዳሩ። እርስዎ ይረፉ፣ በሩን እኛ እናንኳኳለን። ለሐይም፣ ለሕይወት!