ካልሮጥኩ ስኳሬ፣ ከሮጥኩ ሰፈሩ

— ሄሎ… አቤት፣ ማቲ ነኝ… ዩኒስ! ዋሪያ፣ እዚያ ኤረር ከተማ ኔትወርክ መጣ እንዴ?… አይ፣ እየተንጎራደድኩ ነው። ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ።

— አትጠገብ፣ ወንበሩን ተይው፣ አልቀመጥም!

— ትሰማኛለህ?… ስኳሩማ ያው ነው፣ ሁለት መቶ ስልሳ። ሐኪሙ «በዚህ ወር ካልወረደ መርፌ ትጀምራለህ» ብሎኛል። መርፌ ስፈራ ደግሞ ታውቀኛለህ። ለዚህ ነው ሩጫ የጀመርኩት።

— ብስክሌት?… ተው እንጂ! ቁጭ ብሎ ስፖርት አለ እንዴ?… እሺ፣ ጉልበት አይጎዳም፣ ገባኝ… ያንተ ስኳር መቶ ሠላሳ ገባ? በብስክሌት? ወላሂ በል!… ቢሆንም ሩጫ ይሻላል። ጫማ አስሮ መውጣት ነው፤ ጎማ ተነፈሰ የለ፣ ካቴና ወለቀ የለ…

— ምን አልሽ?… ሚስቴ ናት፣ «የዛሬውን ንገረው» ትላለች… ምንም አልሆንኩም ባክህ… ሄሎ?… እሺ፣ ልንገርህ።

— ጠዋት ስሮጥ ሻይ የምትሸጠዋ ኤብላ አየችኝ። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ልጇን ብድግ አድርጋ እግሬ አውጪኝ! እሷን ያየ ባለሱቅ በሩን ከረቸመ። ባጃጁ ዞሮ ተመለሰ… አትሳቅ ዩኒስ! «ምንም የለም፣ ስፖርት ነው!» እያልኩ ብከተላት ጭራሽ ባሰባት። ስደርስባት ልጇን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። «ማነው የሚያባርርህ?» አለችኝ። ስኳር ልበላት?

— አዎ… አዎ፣ በ2010 በረብሻው ጊዜ እኔም በዚያው መንገድ ነው ልጄን አቅፌ ያኔ እዚህ ወደነበረው ቤትህ ልደበቅ የሮጥኩት። ሰው አልረሳም፣ ዩኒስ። እኔም አልረሳሁም። እሷ ስትደነግጥ እኔም ደነገጥኩ፤ ይኸው ልቤ እስካሁን አልተመለሰም።

— ሄሎ?… አለሁ… ብስክሌት ብገዛ?… አይ፣ ብሩ አይደለም ችግሩ። ጉልበቴም ደህና ነው… ስማ፣ ለማንም እንዳትናገር… አልችልም… መንዳት ነዋ!… አርባ ስምንት ዓመቴ፣ አዎ! በልጅነቴ ማን ብስክሌት ገዛልኝ?

— ሳቂ፣ አንቺ ደግሞ ሳቂ!

— ቅዳሜ? ብስክሌቷን ጭነህ?… እሺ፣ ግን ከኋላ ኮርቻውን ትይዝልኛለህ። እንዳትለቀኝ!… የት ይሆናል፣ እዚያው ኤብላ ፊት ለፊት፣ በጠራራ ፀሐይ ነዋ… ይሳቁብኛ! ሰፈሩ በሙሉ ይሳቅብኝ። ብቻ አይሽሹኝ… በል፣ ቻው።