የእሁድ ማታዋ ስንቅነሽ

ሰኞ ረፋድ፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ ባለች የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛው ጋሽ ደምስስ በፌስታል የያዙትን የዲቪዲ መቅጃ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ከባለሱቋ ከነፊሳ ጋር ይሟገታሉ።

ደምስስ፦ ውሰጅልኝ ብያለሁ፣ ውሰጅልኝ! ከዚህ ዕቃ ጋር አንድ ቤት አላድርም።

ነፊሳ፦ ጋሼ፣ ገና ሳምንቱ ነው እኮ። ሙሽራ እንኳ ጫጉላዋ እስኪያልቅ ትታገሣለች።

ደምስስ፦ ሙሽራ ትስቃለች። ይሄ ሽሽሽ ነው የሚለው!

ነፊሳ፦ አልበራም አለ?

ደምስስ፦ መብራቱንማ ይበራል፣ ቀይ ዓይኑን አፍጦ! ቅዳ ያልኩትን ትቶ ዝናብ ቀዳ እንጂ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ! ስንቅነሽን አምጣ ብለው ዝናብ ያመጣልኛል?

ነፊሳ፦ ስንቅነሽ ደግሞ ማናት?

ደምስስ፦ ባለቤቴ ናት። ነበረች። ሚያዝያ ላይ ሁለት ዓመት ሞላት።

ነፊሳ፦ ውይ፣ ነፍስ ይማር። አላወቅኩም ጋሼ።

ደምስስ፦ በምን ታውቂያለሽ። ወጣት ሳለን ከቴሌቪዥን ፋብሪካውን ፊልም ሊያነሱ መጡ። እሷ ማሽኗ ላይ ነበረች። ያን ማታ "ተነሳሁ፣ ተነሳሁ" እያለች እንቅልፍ ነሳችኝ። ፊልሙ ሲታይ ግን እኛ ቴሌቪዥን የለን! ይኸው ስንት ዘመን ቆይተው እሁድ ማታ ሁለት ሰዓት ያንን የድሮ ፊልም እናሳያለን አሉ። ይሄን ዕቃ የገዛሁት ለዘፈን መሰለሽ?

ነፊሳ፦ ሌላ ፎቶ የላትም?

ደምስስ፦ የቀበሌ መታወቂያዋ አለ። እሱ ላይ ያለችው ግን ስንቅነሽ አይደለችም፤ ወረፋ ያማረራት ሴትዮ ናት።

ነፊሳ፦ እስቲ ይስጡኝ ልሰካው። እንዴት አድርገው ነው የሞሉት?

ደምስስ፦ አንቺ እንዳሳየሽኝ ነዋ! ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብዬ፣ መነጽሬን አድርጌ። ጣቢያውን፣ ከዚያ እሁድን፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት። ሠላሳ ዓመት ማሽን ያንቀሳቀስኩ ሰው ነኝ፣ አልሳሳትም።

ነፊሳ፦ ሁለት ብለው? ሁለት፣ ዜሮ፣ ዜሮ?

ደምስስ፦ አዎ፣ ሁለት።

ነፊሳ፦ ወይኔ ጉዴ!

ደምስስ፦ ምነው?

ነፊሳ፦ ይሄ ዕቃ እኮ የኛን ሰዓት አያውቅም። በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። የማታው ሁለት ሰዓት ለሱ ሃያ ነው። ሁለት ሲሉት ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነስቶ ቀዳልዎት። ጣቢያው ተዘግቶ፣ አገር ተኝቶ!

ደምስስ፦ እኔ ቤት ተቀምጦ፣ የኔን መብራት እየበላ፣ በፈረንጅ ይቆጥርብኛል?

ነፊሳ፦ እሱን አይቆጡት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የዕቃውን ሰዓት በፈረንጅ የሞላሁት እኔ፣ ያልነገርኩዎትም እኔ። ግን ጋሼ... እሁድ ማታ ቤት አልነበሩም እንዴ?

ደምስስ፦ ነበርኩ።

ነፊሳ፦ ታዲያ በዓይንዎ አላዩትም?

ደምስስ፦ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ወጣሁ። እዚህ መናኸሪያው አጥር ሥር ቆሜ ቆየሁ።

ነፊሳ፦ ያን ሁሉ ዘመን ጠብቀው?

ደምስስ፦ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ፤ ብቻውን ያየስ? "ያቻት!" ስል "የቷ?" የሚለኝ የለም። ለግድግዳው ላሳየው? ይቀዳልኝና ሰው ሲመጣ አብረን እናያለን ብዬ ነበር።

ነፊሳ፦ ሰው ይመጣል?

ደምስስ፦ ለለቅሶዋ ድንኳኑ ጢም ብሎ ነበር። ድንኳኑ ሲነቀል ሰውም አብሮ ተነቀለ። ከፋኝ ልጄ፣ አልዋሽሽም፣ በጣም ከፋኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሙላቱ የሚባል የፋብሪካ ጓደኛዬ መንገድ ላይ አገኘኝና "ስንቅነሽን አየናት! የተበጠሰ ክር ቀጥላ ቀና ብላ ሳቀች! አርባ ሰከንድ ያህል ታየች" አይለኝም? ሙላቱ አይቷት እኔ ባሏ አላየኋትም!

ነፊሳ፦ አይዞዎት። የእሁዱን እኮ ማክሰኞ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ይደግሙታል።

ደምስስ፦ ማክሰኞ... ነገ? ነገ ትታያለች?

ነፊሳ፦ ነገ። አሁን ራሴ አሥራ ሦስት ብዬ እሞላዋለሁ።

ደምስስ፦ አሥራ ሦስት ሰዓት! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በይ ዲስኩንም ቀይሪልኝ፤ እየተፋቀ የሚቀዳውን ነው የሰጠሽኝ።

ነፊሳ፦ የማይፋቀው አንዴ ከተቀዳበት አለቀ፣ ቢበላሽ መመለሻ የለውም።

ደምስስ፦ እሱን ነው የምፈልገው። ሌላ ነገር እንዲቀዳባት አልፈልግም። መብራት ቢጠፋስ?

ነፊሳ፦ እዚህ ጄኔሬተር አለኝ። ዕቃው እኔ ጋ ይደር። እርስዎ ቤትዎ አረፍ ይበሉ፤ ሲያልቅ ዲስኩን እልክልዎታለሁ።

ደምስስ፦ እንዲያ ይሻላል። እግዜር ይስጥሽ።

ነፊሳ፦ ታዲያ ምነው ቆሙ?

ደምስስ፦ ምንም። ዕቃው ይቀዳል እንጂ "የቷ ናት?" አይልም ብዬ ነው።

ነፊሳ፦ ...ነገ ሰባት ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግቼ ሁለት ወንበር አወጣለሁ። እኔ ስንቅነሽን አላውቃትም፣ መጠየቄ አይቀርም።

ደምስስ፦ ቶሎ ጠይቂኝ ታዲያ፤ አርባ ሰከንድ ናት።