በታኅሣሥ ያበበ አደይ

— ሃሎ... አዎ፣ ችግኝ ጣቢያው ነው። ላሊበላ። ደባሱ ነኝ፣ አትክልተኛው... ጓድ ወርቅአገኘሁ? እንደምን አደሩ። ወልድያ ደህና ነው?... እኔም ልደውል ነበር። የማሳውቀው ጉዳይ አለኝ። ቆመው ነው ተቀምጠው?... ይቀመጡ።

ጎመኑ አብቧል።

— ጎመኑ። መግቢያው ላይ የዘራሁት... አይ፣ አደዩማ ጥቅምት ሳይጋመስ ደረቀ። ያን ጊዜውኑ ነግሬዎታለሁ። እርስዎ ለደሴ «በሳይንሳዊ ዘዴ እስከ ታኅሣሥ ያብባል» ብለው ጻፉ... አልወቀስኩም። እኔም ፈርሜበታለሁ።

— አዎ፣ ቢጫ ነው። ከሩቅ ቁርጥ አደይ... ከቅርብማ ጎመን ነው... አንዴ ይቆዩኝ — ወለላ፣ አበባ ያለበትን ተይው። ቅጠሉን ብቻ — ወለላ ናት፣ ጽዳት የምትሠራው። ጾም አይደል፣ ለወጥ ትቀጥፋለች... አይ፣ አልከለክላትም። ቅጠሉ ካለቀ ጎመንነቱ አይታወቅም።

— ገባኝ። ዛሬ ከደሴ የሚመጡት ገምጋሚዎች ካወቁ እርስዎ ይዛወራሉ፣ እኔ እባረራለሁ። ስድስት ልጅ ነው ያለኝ፤ ገብቶኛል... ከመኪና እንዳይወርዱ? እንዴት አድርጌ?... ብርድ ነው ልበላቸው። እሺ።

— ከተማው? በምእመን ሞልቷል፤ አጥራችን ሥር ሳይቀር ሰፍረዋል። ነገ ገና አይደል... እንዴ፣ እኔ ምን አወቅሁ? ለምን ዛሬ ይመጣሉ ብዬ ስጠይቅዎት «ግምገማ በዓል አያውቅም» ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

— ሃሎ? ይሰማዎታል?... መኪና መጣ። ላንድሮቨር... አዎ፣ እነሱ ናቸው። በመስኮት ይታዩኛል። ስልኩን አልዘጋም።

— ወረዱ። ብርዱን የሚነግራቸው አጣሁ... ሦስት ናቸው። አለቃው አበባው ፊት ቆመ... አይ፣ አላየውም። ጀርባውን ሰጥቶት ከቦርሳው አንድ ነገር እያወጣ ነው... ነጠላ።

— ነጠላ ነው ያልኩት። ካኪው ላይ ደረበው... እዚህ መጣ፣ ይቆዩኝ — ጤና ይስጥልኝ ጓድ። ቤተ ማርያም? በዚያ ቁልቁለት ወርደው ወደ ግራ። አበባውስ፣ ጓድ?... እሺ —

— «አይተነዋል» አለኝ። ሄዱ። ሌሎቹም ደርበዋል።

— እንግዲህ ተረፍን፣ ጓድ... አይ፣ አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ቀርቷል። አሮጊት ናቸው። ወለላ ደግፋ እያወረደቻቸው ነው፤ ጠዋፍ በጉያቸው ይዘዋል... ከወልድያ ነው የተሳፈሩት አለችኝ... ማን እንደሆኑ ልጠይቃቸው? — እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ። የማን እናት ልበልዎት?... ማን?... እንዴት ብለው?... እሺ፣ እማማ —

— ሃሎ፣ ጓድ። «የወርቅአገኘሁ እናት ነኝ» ይላሉ።

... ሃሎ?

«ማንም ቢጠይቅሽ አበባ ለማየት ነው የመጣሁት በይ ብሎኛል» ይላሉ።

... ጓድ? ይሰማዎታል? ስልኩን ልስጣቸው?...

— ዘጋው፣ እማማ። ክንዴን ይያዙ፣ ቁልቁለቱ ያዳልጣል። እኔም ወደዚያው ነኝ።