ተጨማሪዋ ባሌስትራ

ዝናብ የማይተዋወቁትን አንድ ጣሪያ ሥር ያስጠልላል። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ድንገት የወረደው ዶፍ ከአንድ ጋራዥ ቆርቆሮ ሥር አስገባኝ። ጃንጥላዬን ወስዶ ያልመለሰውን ባልደረባዬን በሆዴ ስራገም፣ አንዲት ግራጫ ፒካፕ እየተንገጫገጨች ገብታ አጠገቤ ቆመች። ነጂዋ ከተማው ሁሉ «ጋሽ ባሌስትራ» የሚላቸው ሽማግሌ ነበሩ።

ስሙ እንዲሁ አልወጣላቸውም። በእኛ ከተማ ሾፌሮች ዘንድ አንድ ክፉ ልማድ አለ። መኪና ተገዝታ ሳትውል ሳታድር፣ ከፊት ጎማዎቿ በላይ ተነባብረው ክብደቷን በሚሸከሙት ብረቶች ላይ፣ ባሌስትራ በምንላቸው ማለት ነው፣ አንድ ይደረብባታል። አፍንጫዋ ቀና ይላል፤ ባለቤቷም አብሮ ቀና ይላል። ጋሽ ባሌስትራ ከሰው በልጠው ሁለት ደርበው ነበር። ያን ዕለት የመጡት ሦስተኛ ሊያስደርቡ ነው።

መካኒኳ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብታ ሙያውን ተምራለች። እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጣችና በመጀመሪያ ወደ ጋቢናው ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። እዚያ የሽማግሌው ባለቤት ተቀምጠዋል፤ እሷ እትዬ ትላቸዋለች። አከርካሪያቸውን ክፉ በሽታ ይዞባቸው፣ ሕመሙን የሚያስታግስ መርፌ ለመወጋት በየአስራ አምስት ቀኑ ሩቅ ሆስፒታል ይመላለሳሉ። ይኸው ከዚያ መመለሳቸው ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ለመውረድም አልሞከሩም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልደርብም» አለች ልጅቱ። «እንዲያውም የደረቡትንም ባወጣው ደስ ይለኛል።»

የተናደደ ሰው ዳኛ ሲፈልግ ቅርብ ያለውን ይይዛል። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ይስሙልኝ እንግዲህ! ልጅ አስተምሩ አላችሁን፣ አስተማርን። ይኸው ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!»

«ምክንያቷን ብንሰማስ?» አልኩ።

«ምን ምክንያት አለው! ብረት ሲበዛ ይጠነክራል። ይህቺ መኪና የፊት አክስሏ ከዚህ ጎማ እስከዚያኛው አንድ ወጥ ብረት ነው። ድንጋይ ብትወጣ፣ ገደል ብትወርድ አትሰበር። የዛሬዎቹ ግን እግራቸው ለየብቻው የሚወራጭ፣ እንደ ሰካራም!»

«እውነትዎን ነው» አለች፤ «ለጥንካሬ ወጥ አክስልን የሚያህል የለም። ጭነትም ድንጋይም ይችላል። ግን ጋሼ፣ ይህቺ መኪና የምትጭነው ምንድን ነው?»

«ምን ትጭናለች? ሚስቴን ነዋ!»

«ታዲያ እትዬ ሲሚንቶ ናቸው?»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያውም አፈርኩ። ጋቢናው ውስጥ የሳቀ አልነበረም።

ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ወጥ አክስል ማለት በአንድ ገመድ የታሰሩ ሁለት ሰዎች ማለት ነው። የግራው ጎማ ሲደናቀፍ የቀኙም ይናጋል፣ መኪናዋም አብራ ትወዛወዛለች። ባሌስትራው ደግሞ ብረት በብረት ላይ ስለሆነ ትንሿን ጠጠር ሳይቀር ወደ ወንበሩ ይልካታል፤ ሲደረብበትማ ጭራሽ መተጣጠፉን ይተዋል። ያው ወጥ አክስል በባሌስትራ ፈንታ ተጠምዝዞ በተጠቀለለ ብረት፣ በሞላ ላይ ቢቀመጥ እንኳ ይለዝባል። ለሰው ከሁሉ የሚመቸው ግን ሁለቱ የፊት ጎማዎች ለየራሳቸው፣ በየራሳቸው ሞላ ሲወጡና ሲወርዱ ነው። የአንዱ ጉድጓድ ለሌላው አይተርፍም።»

«የጎረቤቴ ፒካፕ እንዳልሽው ጎማዋ ለየብቻ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ አሁን ያዝኩሽ በሚል ድምፅ። «ከእኔይቱ ብሳ ሰው ትንጣለች!»

«የእሳቸው በሞላ ፈንታ የሚጠማዘዝ የብረት ዘንግ ነው ያላት። እሱም ደህና ነበር። እሳቸው ግን አፍንጫዋ ከፍ እንዲል ብለው ዘንጉን አስጠበቁት፤ አሁን ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ የለውም። ያበላሻት ልማዳችን ነው እንጂ ሥሪቷ አይደለም።»

«መንገዱን ጥገኑ አትሉም!»

መልስ ሲያልቅብን ሁላችንም የምንወቅሰው መንገዱን ነው። መንገዱ እንደሆነ አይመልስም።

«መንገዱን እኔም እርስዎም አንጠግነውም» አለች። «ይልቅ አንድ ነገር ልለምንዎ። እርስዎ በእትዬ ቦታ ይቀመጡና እኔ ልንዳ።»

እትዬን ደግፈን ከጋራዡ ወንበር ላይ አሳረፍናቸው። እኔም ነገሩ ስቦኝ ከኋላው ወንበር ገባሁ። ጋሽ ባሌስትራ ያቺን መኪና ከገዙ ወዲህ መሪ ሳይጨብጡ ተቀምጠውባት አያውቁም ነበር። ነጂ ጉድጓዱን አስቀድሞ አይቶ ሰውነቱን ያዘጋጃል፣ መሪውንም ይደገፋል። ከጎኑ ያለው ግን የመጣበትን ይቀበላል።

ከጋራዡ በር እንደወጣን ውሃ የሞላው ጉድጓድ ተቀበለን። ሽማግሌው ከበሩ ጋር ተላተሙና ከራሳቸው በላይ ያለውን መያዣ ጨበጡ። በመያዣው ላይ ቀይ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል። እጃቸውን አንስተው አዩት። ጨርቁ አራት ጣቶች ባረፉበት ቦታ ሳስቶ ክሩ ብቻ ቀርቷል።

«ለጌጥ ያደረገችው መስሎኝ ነበር» አሉ። ቀጥለውም «መልሺኝ» አሏት።

እንደወረዱ ከሚስታቸው ፊት ቆሙ። «ጨርቁን ለምን ጠመጠምሽበት?»

«እጄን ስለሚልጠኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያቺን መኪና ስታጥባት አይሃለሁ እኮ» አሉ እትዬ። «እንዴት ብዬ ልንገርህ? አሁንስ በቃኝ፣ ሁለተኛ አልሄድም። መርፌው ያሳርፈኛል፤ መንገዱ ግን ከቤቴ ሳልደርስ መልሶ ይወስድብኛል። ሕመሜን ይዤ ቤቴ ልቅር።»

ጋሽ ባሌስትራ ወደ ልጅቱ ዞረው «ከዚህች የምትለዝብ መኪና አለች?» አሏት።

ከጋራዡ ጥግ ሌላ ፒካፕ ቆማለች፤ እሷም እንደ ሽማግሌው መኪና አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ የፊቶቹ ግን ለየራሳቸው በሞላ ላይ የተቀመጡ። ባለቤቷ ድንጋይ አመላላሽ ነው፤ ለሥራዬ ለሰለሰችብኝ ብሎ በእሷ የሚለውጠው ጠንካራ መኪና እንድትፈልግለት ለልጅቱ አደራ ሰጥቷት ነበር። በዚያችም ሽማግሌው ከጎን ተቀመጡ። ወደ ጉድጓዱ ስንቃረብ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጥቂት ቆይተው «ደረስን?» አሉ።

«አለፍናት ጋሼ።»

ልጅቱ ግን አላሞኘቻቸውም። የፊት መጋጠሚያዎቿ ቶሎ ስለሚያልቁ መፈተሽ እንዳለባቸው፣ ከኋላ ያው ባሌስትራ ስለሆነች ታማሚ ከፊት እንጂ ከኋላ እንዳይቀመጥ ነገረቻቸው። እሳቸውም እንደ ተማሪ አደመጧት፤ ሁለቱ ባለቤቶችም መኪና ተለዋወጡ። ድንጋይ አመላላሹም ጠንካራዋን አግኝቶ ደስ አለው፤ እሷም የተሠራችበትን ሥራ አገኘች።

አንባቢ ሆይ፣ ወጥ አክስል ይጥፋ አላልኩም። ድንጋይ ለሚጭን ድንጋይ ቻይ ይስጡት። ሰው የሚጭን ግን ሰውን አስቦ ይምረጥ፣ መርጦም እንደተሠራች ይተዋት። ያን ጊዜ ታማሚ ሐኪሙን አይሸሽም፣ ነፍሰ ጡር መንገድን አትፈራም፣ ነጂም ማታ ወገቡን ይዞ አያቃስትም። አፍንጫ በማቅናት የዳነ ሰው እስካሁን አላየሁም።

እትዬም አልዳኑም። ሐኪሙ እንደፈራው ክረምቱን ሳይወጡት አረፉ። ሕክምናቸውን ግን እስከ መጨረሻው አላቋረጡም። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ከጋሽ ባሌስትራ ጎን አንድ ወጣት ሾፌር ተቀምጦ፣ ለአዲሷ መኪናው ባሌስትራ ሊያስደርብ ማሰቡን ሊያጫውታቸው ይሞክራል።

«አስቀድመህ ሌላ ሰው አስነዳና አንተ እናትህ በምትቀመጥበት ከጎን ተቀመጥ» አሉት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። «መምህር፣ በአዲሷ መኪና መጀመሪያ የሄድን ቀን ምን ሆነ መሰለዎ? መንገድ ላይ ዞር ብል፣ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ ዓይኗን ከድናለች። መኪና ውስጥ ተኝታ አይቻት አላውቅማ። የሞተች መስሎኝ ደንግጬ አቆምኩ።»

«እሺ?»

«ነቃችና ተቆጣችኝ። ‹ምነው ቆምክ? ስንት ዘመን ያጣሁትን እንቅልፍ!› አለችኝ።» እንባቸው ወረደ። «ስንት ዘመን አለች፣ መምህር። እኔ እኮ ሁልጊዜ ከጎኗ ነበርኩ።»